ለሐውልቱ የተላከ መጥሪያ

የሰንበሌጥ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ኮሎኔል ብሩኔቲ የተባሉት የድንጋይ ሐውልት ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት አዳራሽ ቁጥር ሁለት ቀርበው፣ ከአደባባዩ የማይነሱበት ምክንያት ካላቸው እንዲያስረዱ በአክብሮት ያሳውቃል። ማሳሰቢያ፦ መታወቂያ ይዞ መቅረብ ግዴታ ነው።

ወረቀቱን የለጠፈው የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ ገላነው ነበር፤ ሐውልቱ ይነሳ ብሎ አቤቱታ ያቀረበውም እሱው ነው። በጣሊያን ጊዜ ኮሎኔሉ መንገድ አንሠራም ያሉ ሃያ አንድ ሰዎችን አስረሽኖ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አስገባቸው፤ የራሱንም ሐውልት በላያቸው አስተከለ። ከሃያ አንዱ አንዱ የገላነው አያት ናቸው። አልጋ ላይ የዋሉት አባቱ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባታቸው አጥንት ወጥቶ በቤተ ክርስቲያን ሲያርፍ ማየት።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ይፍረስ አለ፤ ገሚሱ ታሪክ ነው፣ ቱሪስትም ያመጣል አለ። የኮሎኔል ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ ቀለሟ ደግሞ የሆቴሌን ስም ምን ልታደርጉት ነው ብለው አለቀሱ። በመጨረሻ የከተማውን ጉባኤ የሚመሩት ሽማግሌ ጋሽ ላቀው፣ በእኛ ወግ ሰው በሌለበት አይፈረድበትም፣ ሦስት ጊዜ ይጠራ፣ ካልቀረበ እንወስናለን አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ቃለ ጉባኤው ግን አልሳቀም፣ ጻፈው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ማንም አልቀረበም። ገላነው በመጥሪያው ቅጂ ላይ እንደ ደንቡ፣ ተጠሪው ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም ብሎ ሞላ።

ሁለተኛውን ሊለጥፍ ሲሄድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ አደባባዩ ግን ገና አሁን እንደ ተቆፈረ ጉድጓድ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል፣ ከሐውልቱም ሥር ከባድ ጆንያ በጠጠር ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይመጣል፤ ባጃጅ ሲያልፍ ይጠፋል፣ ባጃጁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ወረቀት የለም። ዘመኑን ሁሉ ወንዙን ሲያይ የኖረው የድንጋይ ፊት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በር ዞሯል። ለጋሽ ላቀው ሲነግራቸው፣ ዝናቡ መሠረቱን በልቶት ይሆናል አሉት። ዝናብ ከጣለ አምስት ወሩ ነው።

ከዚያ ወዲያ ገላነው መቀመጥ አልሆነለትም። ሻይ ያዛል፣ ሳይጠጣው ይነሳል፤ ሰበብ እየፈለገ በቀን አምስቴ ስድስቴ ወደ አደባባዩ ይመላለሳል። አባቱ መቼ ነው ብለው በጠየቁት ቁጥር ሐሙስ ይላቸዋል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን አይጨምርም።

ሁለተኛውም ሐሙስ ማንም ሳይቀርብ አለፈ፤ ሦስተኛውን መጥሪያ ለመለጠፍ ተንበረከከ። የኮሎኔሉ ቀኝ ቡትስ ከቆመበት ድንጋይ አንድ ስንዝር ተነስቷል። በክፍተቱ ውስጥ የቀን ብርሃን የማይደፍረው ጨለማ አለ፤ በጨለማው ውስጥ ደግሞ የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ይዞ ጥርሱን የነከሰ ሰው ትንፋሽ። ጉንጩን መሬት አስነክቶ ወደ ውስጥ አየ። ጣቶች ናቸው፤ አፈር ያጠቆራቸው፣ የተደራረቡ፣ የድንጋዩን ቁርጭምጭሚት ጨምድደው ቁልቁል የሚስቡ። አንዱ እጅ አያያዙን ሊያስተካክል ለቀቅ ሲያደርግ ቡትሱ ሌላ ጣት ያህል ከፍ አለ፤ እጁ ተጣድፎ ተመለሰ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ላቀው በሩ ላይ ቆመው የኮሎኔሉን ስም በረጅሙ ተጣሩ። ከአደባባዩ በኩል ድንጋይ ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ሰዉ አሸዋ የሚያራግፍ መኪና መሰለው። ሽማግሌው ሊደግሙ ትንፋሽ ሲሰበስቡ ገላነው ተንደርድሮ ክንዳቸውን ያዘ።

“ጋሽ ላቀው፣ ዳግመኛ አይጥሩት። አቤቱታዬን ትቻለሁ። ሐውልቱ ይቁም።”

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ፣ ቀለሟ ምን አብልታው ነው አለ።

“ይቁም?” አሉ ጋሽ ላቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “አባትህን ምን ልትላቸው ነው? አያትህ እኮ እዚያ ሥር ናቸው።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

ገላነው በመስኮቱ ወደ አደባባዩ አየ።

“አልናገርም” አለ፤ “ብቻ ማንም እንዳያወጣቸው።”