ወባ አይደለም

«ወባ ይዞታል በያቸው» አለ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። ድምፁ ከብርድ ልብሱ ሥር ታፍኖ ነው የወጣው።

ህሊና የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ደብተሮቿን በብብቷ ይዛ፣ የአባቷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። አባቷ ሲሞን ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን ቡና መዛኝ ነው። ህሊና ታሟል ብላ እንዲህ ስትደውል በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ማሻ ከተማ፣ ወላጆቿ ቤት ከገባች ወዲህ መዋሸቱ የእሷ ሥራ ሆኗል።

«ሃሎ» አሉ የመጋዘኑ ባለቤት አቶ በድሩ።

«ህሊና ነኝ፣ የሲሞን ልጅ። አባዬ ዛሬም...»

«ወባ ነው?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ እንደለመደችው ትዋሽ ነበር። የሰማችው ግን ድካም ብቻ ነው።

«ወባ አይደለም» አለች። «ሲጠጣ ነው ያመሸው። ከትናንት ወዲያም እንደዚሁ።»

ብርድ ልብሱ ተገለጠ። አባቷ በቀሉ ዓይኖቹ አፈጠጠባት።

አቶ በድሩ «አውቄው ነበር ልጄ» አሉ። «እስከ ሰኞ ይረፍ በይው። መናኸሪያው በር ላይ ይትባረክ የሚባል ባለባጃጅ አለ፤ እሱን አናግሪው። ስለዚህ ነገር የሚያውቀው አለ።»

ስልኩ ከመዘጋቱ አባቷ «አዋረድሽኝ!» ብሎ ጮኸባት። ህሊና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ይትባረክ ዝናብ ያረጠበውን የባጃጁን ወንበር ሲወለውል አገኘችው።

«ጋሼ፣ አቶ በድሩ ናቸው የላኩኝ። አባቴ...» አለች።

«አረቄ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለ ጨርቁን እየጨመቀ። «ብቻዬን ግን አልቻልኩም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከገበያው በላይ ካለው አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ጓሮ እንሰበሰባለን። ስብከት የለም፣ ቁጣ የለም። አንዱ ስለ ራሱ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ቤተሰብም ይመጣል።»

«እምቢ ካለስ?»

«ጎትተሽ አታመጪውም። ብቻ ንገሪው።»

መንገሩ ራሱ ሁለት ቀን ፈጀባት፤ አባቷ ኩርፊያ ላይ ነበር። ዓርብ ምሳ ሲበሉ እንደምንም ነገረችው።

«እኔ ሰካራም ነኝ?» አላት።

አዎ ማለት አልቻለችም። አይደለህም ማለትም አልቻለችም። አባቷ የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው።

ቅዳሜ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ጠበቃት። ዳገቱን አብረው ወጡ። ህሊና ደስታዋ እንዳይታወቅባት መሬት መሬት እያየች ትራመድ ነበር። ግቢው በር ሲደርሱ አንዲት ሴት ቀድማቸው ገባች፤ አባቷ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አስካለች ናት፤ ገበያ ሙዝ የምትሸጠው» አለ በሹክሹክታ። «ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማል።»

«አባዬ፣ እሷም እኮ ለዚሁ ነው የመጣችው።»

«አንቺ ግቢ። መጣሁ።»

ይህን እያለ ግን ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር።

ህሊና በሩ ላይ ቀረች። ሮጣ ልትደርስበት ትችላለች። ቤቷ ሄዳ ለሰኞው የሒሳብ ፈተና ብታጠናም ማንም አይወቅሳትም። ትንሽ ቆማ አሰበችና ገባች።

ስምንት ሰዎች አግዳሚ ወንበሮቹን ፊት ለፊት ገጥመው ተቀምጠዋል። የምታገኘው የሚያለቅሱ ሰዎችን መስሏት ነበር፤ እነሱ ግን ይስቃሉ።

«ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀኔ ነው» ይላሉ ወይዘሮ አስካለች። «በአረቄ ቤቱ በኩል ላለማለፍ በዙሪያ ስሄድ እግሬ አለቀ!» ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «ልጄ ግን ሰሞኑን እኔን ማናገር ጀምሯል» አሉ።

ተራው ህሊና ጋ ሲደርስ ይትባረክ «ካልፈለግሽ ይለፍሽ» አላት።

«እኔ አልጠጣም» አለች። «እኔ እዋሻለሁ። ለአባቴ አሠሪ እዋሻለሁ። እናቴ ስትደውል ደህና ነን እላታለሁ። ጓደኛዬ ሐፍሳ ቤታችን እንዳትመጣ ውሻችን ተናካሽ ነው አልኳት።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ውሻ የለንም።»

ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ «እኔም ልጄን እንዲህ አስዋሸው ነበር» አሉ። «እንዲህ እንደሚከብደው ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ህሊና አለቀሰች። ሰው ፊት አልቅሳ ሳታፍር ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስትወጣ አባቷ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቀን ቢሆን ትንፋሹን ለማሽተት ጠጋ ትል ነበር። ዛሬ ፈቀቅ ብላ ቆመች።

«ምን ተባለ?»

«እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል። ሕጋቸው ነው።»

«ስለ እኔ ነገርሻቸው?»

«ስለ ራሴ ነው ያወራሁት።»

አባቷ ወደ ግቢው በር ተመለከተ። «ብዙ ናቸው?» አለ።

«ገብተህ ቁጠራቸው።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ» አለችው። «አንተ ብትመጣም ባትመጣም።»

አባቷ ተነስቶ የኮቱን አቧራ ማራገፍ ጀመረ። ህሊና ቁልቁለቱን ተያያዘችው፤ እርምጃዋን አላፈጠነችም፣ አላዘገየችምም።