የተጋደሙት ብልቃጦች

ፕሮፌሰሩ ግንባራቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳስደገፉ ሞተው ተገኙ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ለምርምር የሚረባው ዝንብ እንዳያመልጥ በሯ ሁልጊዜ ይዘጋል። ዝንቦቹን ለማደንዘዝ የሚያገለግለው፣ ከበሩ ኋላ የቆመው የጋዝ ሲሊንደር እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«ትናንት የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ የላቦራቶሪው ረዳት፣ ከንፈሩ ደርቆ። «አጥብቄ ዘግቼዋለሁ፣ እትዬ። ግን ማን ያምነኛል? መታሰሬ አይቀርም።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከመደርደሪያው አልነቀለችም። በቆሙት ብልቃጦች ውስጥ ዝንቦቹ ከታች ባለው ለስላሳ ምግብ ላይ ተጣብቀው አልቀዋል። የአንዱ ትሪ ብልቃጦች ግን በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ዝንቦቻቸውም ይበራሉ።

«እነዚህስ ለምን ተጋደሙ?»

«ዝንብ ስናደነዝዝ እስኪነቃ ብልቃጡን እናጋድመዋለን። አለዚያ ምግቡ ላይ ወድቆ ይጣበቃል።» ረዳቱ ግንባሩን ቋጠረ። «እዚህ የምትመራመር ዶክተር አለች፣ የእሷ ናቸው። ትናንት ግን ቆመው ነበር።»

የላቦራቶሪው ምክትል ኃላፊ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«ልጁ ረስቶት ነው። ሥራውን ይልቀቅና ነገሩ እዚሁ ይቅር። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባል የለ?»

«ልጁ ሥራውን ካጣ አይጧ መቼ አለፈች?» አለችው።

ዶክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ከሰኞ ወዲህ እዚያ ክፍል አልገባሁም።»

«በዝንብ መሥራት ለምን አስፈለገ?»

«የልጄ ጡንቻ ቀስ በቀስ እየሞተ ነው። ልጅ ላይ ደግሞ አይሞከርም። ዝንብ ብትንቂያትም ውስጧ ከእኛ ጋር ብዙ ይመሳሰላል፤ በልጄ ላይ ዓመታት የሚፈጀውን በቀናት ታሳየኛለች።»

«ፕሮፌሰሩ ግን ዝንቦችዎ እንዲደፉ አዘው ነበር አሉ።»



መርማሪዋ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ፕሮፌሰሩ ጆሯቸው ከባድ ስለነበር ጋዙ ሲነፍስ አልሰሙም። ክፍሏ ሲሞላ ዝንቦቹም ደነዘዙ። የቆሙት ምግቡ ላይ ወደቁ፤ የተጋደሙት ደረቁ ብርጭቆ ላይ ወድቀው፣ በሩ ሲከፈት ነቁ። እንግዲህ ብልቃጦቹን ያጋደመው ሰው ጋዙ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በመርሳት ቢሆን ኖሮ ማን ያጋድማቸው ነበር? ፕሮፌሰሩ እንዳይባል፣ ሊያስደፏቸው ነበር። ምክትሉ ቢሆን የራሱን ዝንቦች ያድን ነበር፤ የእሱ አንድም አልተረፈም።» ወደ ዶክተሯ ዞረች። «የተረፉት የእርስዎ ብቻ ናቸው፤ እጅዎ ከልማዱ አልወጣም።»

«ለመንኳቸው» አለች ዶክተሯ በቀስታ። «‹ዝንብ እኮ ነው› አሉኝ።»

«ይህ ሰው እንደሚታሰር ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።» ረዳቱን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ተመለከተች። «ልጄ ከትምህርት ቤት የሚወጣው አሁን ነው። ደረጃ መውረድ አይችልም፤ የሚያዝለው ሰው ይፈልጋል።»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ።

ረዳቱ ጋወኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው።

«የት ነው ትምህርት ቤቱ?» አለ።