ሁለተኛው ሜዳ

ጋሽ ቀለመወርቅ ሞተው የተገኙት ከነጫማቸው አውድማ መካከል ነው። ኢንስፔክተር ዘርፌን ዕረፍት የነሳት የጭንቅላታቸው ቁስል ሳይሆን ያ ጫማ ነበር። በስማዳ እህል የሚወቃበት መሬት በጫማ አይረገጥም፤ ሟቹ ደግሞ የዚያው የስማዳ፣ የወገዳ ሰው ናቸው።

አውድማው ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ኳስ ሜዳ ጥግ ነው። ጋሽ ቀለመወርቅ የዩኒቨርሲቲውን ሜዳዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲንከባከቡ ኖረው፣ ታሪካቸውን በደብተር ጽፈዋል። ነገ አዲሱ ስታዲየም ሲመረቅ ሊያነቡት ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅን አበጀ፣ የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ። «አውድማው የጥበቃው የይግዛው ነው። የባዶ እግር ዱካ አለ። ከሟቹ ጋርም ሲጨቃጨቅ ከርሟል። ይዤው ልሂድ።»

ይግዛው እጁ ታስሮ፣ በባዶ እግሩ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አያ ይግዛው፣ በምን ተጣላችሁ?»

«የመጀመሪያው ሜዳ የአባቴ አውድማ ነበር፣ እመቤቴ። የራሳችሁን እስክትሠሩ ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሰጣቸው። አሁን ሠሩ፤ መልሱልኝ አልኩ። ትናንት አመሻሽ ላይ ይቺን ጥግ በእበት ለቅልቄ ቤቴ ገባሁ። እንኳን ደም ላፈስባት፣ ዶሮ አላስረግጣትም። እኔ ከታሰርኩ ገብሴን ማን ይወቃል? ልጆቼስ ምን ይበላሉ?»

ዘርፌ ጎንበስ አለች። ዱካው ሲገባ ጠልቋል፤ ሲወጣ ግን ቀሏል። ጣቶቹ ተጠጋግተዋል፤ የግራው አውራ ጣት ታጥፎ ጎረቤቱ ላይ ወጥቷል። የይግዛውን እግር አየች፤ ጣቶቹ እንደተዘረጋ መዳፍ የተበታተኑ ናቸው። ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው።

ደብተሩ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር። ሦስት ሜዳ፣ ሦስት ምዕራፍ። ሁለተኛው ምዕራፍ ተቀዶ ተወስዷል።

አዲሱን ስታዲየም የምትሠራውን ኢንጂነር ጽዮንን እዚያው ግንባታው ላይ አገኘቻት።

«ሁለተኛው ሜዳ ምን ሆነ?»

«እኔ ከአዲስ አበባ ሳልመጣ ነው። የተመልካች መቀመጫው ተንዶ አንድ ተማሪ ሞተ ይላሉ። ጥፋቱም በግንበኛው ተላከከ።»

የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ጌታነህ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«እንግዶች እየገቡብኝ ነው፣ ኢንስፔክተር። እኔ የገበሬ ጠብ አላውቅም፤ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው።»

«ኳስ ተጫውተዋል?»

«በግራ እግሬ ስንቱን አግብቻለሁ!» አለ፤ ለአፍታ ፊቱ በራ።

ዘርፌ ሁሉንም ወደ አውድማው ጠራቻቸው። ሬሳው ጋቢ ለብሶ ገና እዚያው ነው።

«ግቡ፣ ዱካውን ላሳያችሁ» አለች።

ጽዮን ከነቦት ጫማዋ ዘው አለች። «ኧረ ጫማ! ጫማ!» ብሎ ይግዛው ጮኸ። እሷ ምን እንዳጠፋች እንኳ አልገባትም።

«የአያ ይግዛው ጠብ በመጀመሪያው ሜዳ ነው፤ የኢንጂነሯ ሥራ ሦስተኛው ነው» አለች ዘርፌ። «እነዚያ ምዕራፎች አልተነኩም። የተቀደደው ሁለተኛው ነው። ገዳዩ ሬሳውን ተሸክሞ ገብቷል፤ ዱካው ሲገባ የጠለቀው፣ ሟቹም ከነጫማቸው የተገኙት ለዚህ ነው። ጣቶቹ ዕድሜውን በጫማ የኖረ ሰው ጣቶች ናቸው። ቢሆንም እዚህ ሲደርስ አወለቀ። በይግዛው ሊያላክክ የመጣ ሰው፣ ሬሳ ተሸክሞ እንኳ አውድማ በጫማ መርገጥ አልሆነለትም። የገበሬ ልጅ ነው።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» አለ ጌታነህ። «ባሕር ዳር ነው ያደግሁት አልኩዎት።»

«ጫማዎን ማን አስወለቀዎት?»

ጌታነህ ወደ ታች አየ። ጫማውን ከነካልሲው በእጁ ይዟል። የግራ አውራ ጣቱ ታጥፎ ጎረቤቱ ላይ ወጥቷል።

«እዚሁ ጎረቤት እስቴ፣ ከገበሬ ቤት ነው የተወለድኩት» አለ ቀስ ብሎ። «የሁለተኛው ሜዳ መቀመጫ ተሰንጥቋል ብለው ጋሽ ቀለመወርቅ ነግረውኝ ነበር። ተማሪዎቹን ተቀመጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አያንብቡት ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ ገፋኋቸው፤ ድንጋይ ላይ ወደቁ።»

የተቀደደው ምዕራፍ ከኮቱ ኪስ ወጣ። ዘርፌ ደብተሩ ውስጥ መለሰችው። «ነገ እኔ አነበዋለሁ» አለች።

ሳጅን አበጀ አንገቱን ደፍቶ ይግዛውን ፈታው። ይግዛው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ፤ የጋሽ ቀለመወርቅን ጫማ ፈትቶ አወለቀና ከአውድማው ዳር ጎን ለጎን አስቀመጠው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለ። «እጄ ታስሮ ነበር።»