በስልክ ያስጎበኘኋቸው ደሴቶች

ዳላስ አጠገብ ቤድፎርድ ውስጥ፣ በጥርስ ሐኪም ቤትና በጥፍር ማሳመሪያ ቤት መካከል በተሸጎጠች አንዲት ክፍል ቁጭ ብዬ፣ አይቼው የማላውቀውን ባሕር ሦስት ዓመት ሸጥኩ። ጀልባዋ ያለችው አላስካ ጠረፍ ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት ግን የቴክሳስ ሰው ስለሆነ ቢሮውን ለቤቱ እንዲቀርበው እዚህ ከፈተው። ሰው የማይኖርባቸውን ደሴቶች ከአስጎብኚ ጋር በጀልባ መዞር የሚፈልግ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። «ምን ልልበስ?» ለሚለኝ የሱፍ ካልሲ፣ «ያጥወለውለኛል ወይ?» ለሚለኝ ዝንጅብል አዛለሁ። እኔ ራሴ ዋና አልችልም፤ ጀልባ ላይም ወጥቼ አላውቅም። ይህን ግን ማንም ደንበኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሥራ ልወጣ ስል ሁልጊዜ አንድ ስልክ ይመጣል። ጀልባዋ ላይ ያለው አስጎብኚ በሳተላይት ስልክ ደውሎ ስንት ሰው ደሴት ላይ እንደወረደና ስንት ሰው እንደተመለሰ ይነግረኛል፤ እኔም ቁጥሩን ደግሜ እነግረዋለሁ። ሰው ደሴት ላይ ረስቶ መሄድ እንዳይመጣ የወጣ ደንብ ነው። አዲሱ አስጎብኚ ስሙን «ቲ» ብሎ ብቻ ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቁጥርና ከአየር ጠባይ በቀር በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር አላወራንም።

አንድ ቀን ስልኩን ሳይዘጋ ሰዎችን ወደ ዳር የሚያወርድባትን የትንሿን ጀልባ ሞተር ሊያስነሳ ሲታገል ሰማሁት። «ቢስሚላህ» አለ። ቢስሚላህ የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ አልገረመኝም። ቀጥሎ ግን፣ «ኧረ ተነሽ አንቺ ሰነፍ፣ በሰው ፊት አታዋርጅኝ» አላት ሞተሯን፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ከወሎ የት ነህ?» አልኩት።

የሞተሯን ገመድ ሲለቅ ሰማሁ። ሞተሯም ዝም አለች። «ኮምቦልቻ» አለ በመጨረሻ። «አንቺስ?»

«ሌክ ሃይላንድስ» አልኩት፣ የምኖርበትን የዳላስ ሰፈር፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ስሙ ጦልሃ ነው። ዲቪ ደርሶት መጥቶ የዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ዓመት ሻንጣ ጭኗል። ሻንጣዎቹ ላይ የተለጠፈውን የአገር ስም ሲያነብ ሲያነብ፣ ሻንጣው ሁሉ ሲሄድ እሱ ብቻ እንደሚቀር ገባውና አንድ ማለዳ ሥራውን ለቆ ወደ አላስካ ሄደ። እኔም ብሆን የረጋሁ ሰው አይደለሁም። ምሳ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያውን ስዞር የጥፍር ቤቷ ባለቤት የጠፋብኝ ዕቃ እንዳለ በተደጋጋሚ ጠይቃኛለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጀልባዋ አስራ አንድ ጎብኚዎች እንደያዘች ሁለት ደሴቶች መሐል ጭጋግ ዋጣት። ካፒቴኑ መልህቅ ጥሎ እስኪገፈፍ መጠበቅን መረጠ። አደጋ አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን ያንን ሁሉ መንገድ የመጡት ነጭ ግድግዳ ለማየት አልነበረምና ማጉረምረም ጀመሩ። ጦልሃ ደግሞ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። በሹክሹክታ ደወለልኝ።

«ጁወይሪያ፣ ስፒከር ላይ ላድርግሽ። ቱሩን አንቺ ስጪልኝ።»

«እኔ እኮ አይቼው አላውቅም።»

«ዛሬ ማንም አያየውም። ሶ፣ ማንም አያውቅብሽም።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በግራችሁ፣ አልኳቸው፣ ጥቁር ዓለት አለ፤ የባሕር አንበሶች ተጋድመውበት እንደ ባለጌ ዘመድ ቦታ ይሻማሉ። በቀኛችሁ ያለው ጫካ ዛፉ ሁሉ ሽበት አውጥቷል፤ ሽበቱ ግን ሽበት ሳይሆን ሽበት የሚመስል ሣር ነው። ብሮሹሩ ሲያልቅብኝ ጦልሃ በየቀኑ ከነገረኝ ሞላሁበት፦ የምታነክሰዋን ቀበሮ፣ ሰዎች ጥለውት የሄዱትን የዓሣ ፋብሪካ፣ በሩ ላይ የበቀለውን የእንጆሪ ቁጥቋጦ። አርባ ደቂቃ ያህል አወራሁ። ስጨርስ ጭብጨባ ሰማሁ፤ ከዚያ የእሱ የተዘጋ ድምፅ መጣ።

«ወራት ሙሉ ዞሬዋለሁ» አለኝ በአማርኛ። «እንዲህ አይቼው አላውቅም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቁጭ ማለት አቃተኝ። 183 አውራ ጎዳናን ይዤ ወደ ቤት ስነዳ ከራሴ በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አማረኝ። ወድጄው ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። የወደድኩት እሱን ይሁን ደሴቶቹን ለመለየት ግን ጊዜ ፈጀብኝ።

ጥቅምት ላይ የጀልባዋን ወረቀቶች ሊያስረክብ ቢሮ መጣ። እኔ ለአንዲት ደንበኛ ስለ ማዕበል እያስረዳሁ ነበር። በሩን ከፍቶ ገባና ፊቴ ቆመ። ካሰብኩት አጠር ይላል፤ ዓይኑ ግን ካሰብኩት ይበልጣል። አየሁት፣ አየኝ፣ ማዕበሉ ከአፌ ጠፋ። ሴትዮዋ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስትል ስልኩን ከእጄ ወስዶ ማዕበሉን ጨረሰላት። ያን ሳምንት በየቀኑ ምሳ አብረን በላን፤ መኪና ማቆሚያውንም አብረን ዞርን። ተመልሶ ሲሄድ እንደሚያገባኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

መጋቢት ላይ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ መጣና ሽማግሌ ይዞ ቤታችን ገባ። ቴክሳስ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ሽማግሌው አውሮፕላን ማረፊያ አብረውት የሠሩት የወልዲያው አቶ አሻግሬ ናቸው። ክርስቲያን ቢሆኑም ጁምዓ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከጦልሃ በላይ ያውቃሉ። አባቴ ዓብዱልወሃብ በደስታ ተቀበላቸው። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ሲደርስም፣ ለእንግዳ ክብር ነውና፣ «አንተ አሰግደን» ብሎ ጦልሃን ወደ ፊት አወጣው። እኔና እናቴ መስዑዳ ከኋላ ቆምን፤ አቶ አሻግሬ ሶፋው ላይ ሆነው አንገታቸውን ደፉ።

ሁለት ረከዓ ሰገድን። ጦልሃ እዚያው ላይ አሰላምቶ ስግደቱን ዘጋና ዘወር ብሎ፣ «እናንተ ሙሉት፣ እኔ መንገደኛ ነኝ» አለ።

በሸሪዓው ልክ ነው። ለሦስት ቀን የመጣ ሰው አራቱን ወደ ሁለት ያሳጥራል። የአባቴ ጀርባ ግን ሲደርቅ ከኋላው ሆኜ አየሁት። የቀረንን ሁለት ረከዓ ለየብቻችን ሞላን፤ እንደዚያ የረዘመ ሁለት ረከዓ ሰግጄ አላውቅም። እንግዶቹ ሲወጡ ለምን ዝም ብሎ አራት እንዳልሰገደ በሩ ላይ ጠየቅኩት። ማክሰኞ እንደሚበር እያወቀ ለአባቴ ዓይን ሲል መስገድ እንደማይችል ነገረኝ።

ጦልሃ ወደ አላስካ ከተመለሰ በኋላ አባቴ መልሱን ለአቶ አሻግሬ ላከ። ልጁን ጨዋ ነው ብሎ ወዶታል፤ ግን ቤቱ ገብቶ መንገደኛ ነኝ ላለ ሰው ልጁን በባዶ አይሰጥም። የኒካሑ ውል ላይ ጁወይሪያን ከዳላስ ይዞ እንደማይወጣ ይጻፍ፤ እሱም እዚሁ ይኑር። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። እሱ ጅዳ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ እናቴ ደሴ ላይ ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች። እኔ ከሄደ በኋላ ተወልጄ አባቴን መጀመሪያ ያየሁት በአምስት ዓመቴ ነው፤ እንግዳ መስሎኝ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ተደበቅኩ። ያንን ቀን ረስቶት አያውቅም።

ጦልሃ ወዲያው እሺ አለ። እኔ የሰማሁት ከአቶ አሻግሬ ነው። የዚያን ዕለት ሲደውል ቁጥር አልተቀበልኩትም።

«ማን ጠይቆህ ነው እሺ ያልከው?»

«አባትሽ ጠየቁኝ።»

«እኔስ?»

ድምፁን ከነፋሱ በላይ ከፍ አደረገ። «እዚህ እኮ ምንም የለም» አለ። «ማለቴ፣ ዝናብ ነው። መስጊድ ለመሄድ አውሮፕላን መያዝ አለብሽ። አንቺ የምታውቂው ብሮሹሩን ነው። አምጥቼሽ ብትጠዪኝስ?»

«እዚህ መጥተህ ሻንጣ ስትጭን አንተ እኔን ብትጠላኝስ?»

«ከማጣሽ ሻንጣ ይሻለኛል።»

እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ተናድጄ አላውቅም። ሁለት ወንዶች ስለ እኔ ተስማምተው እኔን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ። አቶ አሻግሬ የድሮ ሥራው ላይ አስገቡት። አሁን ቤታችን ሲመጣ አራት ረከዓ ይሰግዳል፤ አባቴም ሲያየው ፊቱ ይፈካል። እኔ ግን አቋቋሙን አያለሁ። መኪና ማቆሚያ ላይ ሲጠብቀኝ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው የሚቆመው፣ ምድሩ የሚወዛወዝ ይመስል። እያወራሁት ቀና ብሎ ደመና ያያል። ደህና ነህ ወይ ስለው ደህና ነኝ ይላል፤ ደህና አልነበረም። ቢሮ ደግሞ አለቃዬ በእሱ ቦታ አስጎብኚ ፍለጋ ማስታወቂያ እንዳወጣ ነው። ማስታወቂያውን የምለጥፈው እኔ ነበርኩ።

ኒካሑ እሑድ ከዓስር ሰላት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ሆነ። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ፣ እኔና እናቴ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥን። ወጣቱ ሸኽ ውሉን እያነበበ የአባቴ ቅድመ ሁኔታ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ጁወይሪያ፣ ይህ የሚጻፈው ያንቺ ሐቅና መብት ሆኖ ነው» አለኝ። «ትፈልጊዋለሽ?»

እንደ ወግ ያህል የጠየቀኝ መሰለኝ። እኔ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

«አልፈልገውም» አልኩ። «ይሰረዝ።»

ጦልሃ ቀና አለ፤ ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን እንደዚያ በርቶ አላየሁትም። ቀጠልኩ። ለአለቃዬ ማስታወቂያውን እንዲያነሳው ነግሬዋለሁ፤ ዘንድሮ ጀልባዋ ላይ ሁለት አስጎብኚ ይኖራል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ጦልሃ ካልመጣም ብቻዬን እሄዳለሁ።

«ዋና የማትችል ልጅ» አለ አባቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለምንጣፉ።

«እማራለሁ አባ።»

«ነገሩ ዋናው አይደለም። ሰው ባሕርና መንገድ ከለመደ ቤት አይበቃውም። እናትሽን ጠይቂያት። ስድስት ዓመት በር በር ስታይ...»

«እኔ የጠበቅኩህ ጥለኸኝ ስለሄድክ ነው፣ ዓብዱልወሃብ» አለች እናቴ። «እሷ እኮ አብራው ነው የምትሄደው።»

እናቴ አባቴን የምትጠራው «የጁወይሪያ አባት» ብላ ነው። ሰው ፊት ስሙን ስትጠራ ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ። አልጮኸችም፤ ጨው አቀብለኝ የምትል ያህል ነው የተናገረችው። አባቴ ዞሮ አያት። ስድስት ዓመቱን ሁሉ አንድ በአንድ ያየው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እሱም አልጠረገውም።

«ሰርዘው» አለ ለሸኹ።

ከዚያ እንደ ደንቡ የጦልሃን እጅ ያዘ። ሸኹ የሚባለውን ቃል ሊያስጀምረው ሲል አባቴ በነጻ እጁ አስቆመው።

«ስትሄድ ይዘሃት ሂድ» አለው ጦልሃን። «ስትመለስም ይዘሃት ተመለስ። ከዚህ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለኝም።»

«ኢንሻአላህ፣ አባ» አለ ጦልሃ።

«ልጄን ጁወይሪያን ዳርኩህ» አለ አባቴ። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ፈልጋ ያዘች፤ ጦልሃም «ተቀበልኩ» አለ።