ሞት በዘገየው ፕሮም

ቶቢያስ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ፣ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ አብጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጥቁር ጃኬቱ ግን እስከ ላይ እንደተቆለፈ ነው።

መርማሪ ሮዌና ወደዚህ የቶሌዶ ከተማ ሐይቅ ዳር አዳራሽ የመጣችው ለሥራ አልነበረም። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሳ፣ በፕሮም፣ ተማሪዎች ትምህርት ሲጨርሱ በሚደረገው የጭፈራ ድግስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጨፍር ነበር። ተጋባዦቹ ሁሉ እንደ እሷ ናቸው፦ በተማሪነታቸው ወንዱ ከሚወደው ወንድ፣ ሴቷ ከምትወዳት ሴት ጋር መጨፈር የተከለከሉ፣ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ። አሁን ሙዚቃው ቆሟል። የሐይቁ ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጫል፤ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

የቶቢያስ የትዳር ጓደኛ ላይነስ ሲጮህ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩን ዘግታ ጃኬቱን ከፈተችው። ገበሩ ደማቅ ወይን ጠጅ ሐር ነው። የውስጥ ኪሱ ባዶ።

«መርፌው የታለ?» አለ ላይነስ ባዶውን ኪስ እያየ። «ለውዝ ከቀመሰ ይታፈናል። ነፍስ አድን መርፌውን መኪና ውስጥ በእጄ ነው የከተትኩለት!»

«ገበሩን ማን ሰፋው?»

«እኔ፣ ትናንት። ጭፈራው ሲጀመር ከፍቶ ሰዉን ጉድ ሊያሰኝ ነበር። እስከዚያ ለማንም አላሳይም ብሎ ቆልፎት መጣ። እዚህ የገባው ፊቱን ሊታጠብ ነው።»

ወንበር ሥር የወደቀ የጭማቂ ኩባያ አገኘች። ግርጌው ላይ ዱቄት ቀርቷል። አሸተተችው፤ ለውዝ ነው።

ጭማቂውን ያዘጋጀችው ዴልፊን ገና ሳትጠየቅ አለቀሰች። «እኔ ነኝ ልትዪኝ ነው አይደል? ሁሉም የጠጣው ካንድ ገንዳ ነው፤ እኔም ጠጥቻለሁ!»

«ለቶቢያስ ማን ወሰደለት?»

«እንጃ። ኩባያዎቹን ደርድሬ እተዋለሁ፤ ያሻው ያነሳል።»

ፕሮሙን የመሠረተው ክላይድ፣ ሁሉም እንደ አባት የሚያየው ሽማግሌ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«አልቀረብኩትም ልጄ። ሲገባ ከዚሁ ሆኜ እጄን አውለበለብኩለት፤ በቃ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«እኛ? የልጅነት ጓደኛሞች! ምስኪን፣ ያ ወይን ጠጅ ገበር እንዴት ባማረበት ነበር።»

ሮዌና ወደ ላይነስ ተመለሰች።

«ቶቢያስ ዛሬ ንግግር ነበረው?»

«አዎ፣ ስለ ኢመት። ትምህርት ቤት ሳሉ የሚወደው ልጅ ነው። አንድ ጓደኛቸው ለርዕሰ መምህሩ ነገረባቸው። ኢመትን አባቱ ከቤት አባረረው፤ ሬሳው ከሐይቁ ወጣ። ቶቢያስ ያኔ የጠቆመባቸውን ሰው ማንነት ያወቀው በቅርቡ ነው። ስሙን ግን ለእኔም ደበቀኝ። ‹መጀመሪያ ራሱ ይናገር፤ ዕድል ሰጥቼዋለሁ› አለ።»

ፖሊሶች ሲደርሱ ሮዌና ሁሉንም አዳራሹ መሀል ሰበሰበች።

«ገንዳውን አሽትቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። ለውዝ የገባው አንድ ኩባያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስህተት አይደለም። ገዳዩ መርፌው ካለ ቶቢያስ እንደሚተርፍ ያውቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወሰደው። መርፌው የነበረው የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። ቶቢያስ ጃኬቱን ያወለቀው ፊቱን ሲታጠብ ብቻ ነው፤ መልሶ ቆልፎታል። እኔ እስክከፍተው ድረስ፣ ከሰፋው ከላይነስ በቀር፣ ገበሩን ያየው ኪሱን የበረበረው ሰው ብቻ ነው። ክላይድ፣ ወይን ጠጅ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ላይነስ... ላይነስ ነግሮኛል።»

«እኔ? ለማንም አልነገርኩም!»

አንድ ፖሊስ ከክላይድ ካፖርት ኪስ መርፌውን አወጣ። ዴልፊን አፏን ያዘች።

«ለርዕሰ መምህሩ ስነግርባቸው አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ ክላይድ መሬት መሬት እያየ። «የእኔንም ጉድ ያወጡብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈራሁ።»

ይዘውት ሲወጡ የተሰናበተው አልነበረም። ሰዉ ኮቱን ማንሳት ሲጀምር ላይነስ እግሩን እየጎተተ መድረኩ ላይ ወጣና ድምፅ ማጉያውን ጨበጠ።

«ቁጭ በሉ» አለ። «ኢመት ሆልብሩክ የሚባል ልጅ ነበር።»