የመሪማ መጅ

በ፲፱፻፳፰ ዓ.ም.፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ጠላት ደሴን መያዙ ተሰማ፤ ከከሚሴ በላይ የጨፋን ሜዳ ቁልቁል በሚያየው የድንጋይ ምሽግ የሰፈሩት ባላምባራስ ሙሀመድኑርም ጭፍራቸውን ሰብስበው፣ ስንቅ እያነሰ ነውና ጠመንጃ የማይዝ ሁሉ ይውጣ ሲሉ አዘዙ። ጠመንጃ የማይዝ ማለት ሴትና ልጅ ማለት ነው፤ ባላምባራሱ ግን በስማቸው ለመጥራት አፈሩ።

የወታደሩ የበድሩ ሚስት መሪማ ትእዛዙን ስትሰማ ልጇን ዓፊያን አየቻት፤ ፈራችም። ሜዳው መጠለያ የለውም፤ አውሮፕላን ደግሞ ልጅ ከአዋቂ አይለይም። ይሁንና ቁጣዋ ከፍርሃቷ በለጠ።

ማልዳ የወፍጮዋን መጅ አንስታ በአንቀልባ አዘለችና «ኮቱ፣ ዓፊያ፤ ነይ» ብላ ልጇን እየጎተተች ወደ በሩ ወረደች፤ ሌሎቹም ሴቶች መጃቸውን አዝለው ተከተሏት። በእነርሱ ዘንድ መጅ ሴት ከአባቷ ቤት ይዛው የምትመጣው ሀብቷ ነው፤ ባል ቢፈታት እንኳ አያስቀረውም፤ ልፍጭ የሚል ወንድ ደግሞ ገና አልተወለደም። በጎተራ የቀረው ሁሉ ያልተፈጨ ማሽላ ነበር።

ባላምባራሱ ነገሩ የገባቸው ከበሩ ላይ ነው፤ በድሩን ጠርተው የሚስቱን መጅ እንዲቀማ አዘዙት። በድሩም መሬት መሬት እያየ፣ ለጠላት ደረቴን እሰጣለሁ፤ መጅ ቀማኛ ተብዬ ግን ከወንድ መሐል አልቆምም አለ።

«መሪማ፣ በጦር ቀን ትእዛዝ ትጥሻለሽን?» አሉ ባላምባራሱ።

«አላህ ያኑርዎ ጌታዬ፣ ውጡ አሉን፤ ይኸው ወጣን። ልጆቻችን ከማይበሉበት ቤት ግን እኛ አንፈጭም።»

ባላምባራሱ በሴቶቹ ጀርባ የታዘለውን መጅ አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«በሩን ዝጉት» አሉ በመጨረሻ፤ «እነርሱን ከውስጥ አድርጋችሁ።»

ጠላት ሲመጣ ምሽጉ ከታሰበው በላይ ቆየ፤ ሴቶቹ ፈጩ፣ ጥይት አቀበሉ፣ ቁስል አሰሩ። መሪማ ውሃ ስታደርስ ተመትታ ከቅጥሩ ሥር ተቀበረች፤ ዓፊያን አባቷ በጨለማ ይዟት ወጣ።

ከነፃነት በኋላ ስለዚያ ምሽግ የተወራው ሁሉ ባላምባራሱ ከጥቂት ጭፍራ ጋር ብቻቸውን ጠላትን ማቆማቸው ነው፤ ስለ ሴቶቹ ያነሣ አልነበረም። ዓፊያ አርጅታም ይህ ሲነገር በሰማች ቁጥር ዝም አትልም ነበር።

«ብቻቸውን ከነበሩማ፣» ትላለች፣ «እናቴ እዚያ ምን ልታደርግ ተቀበረች?»