ከግድግዳው ጀርባ የሚደውለው

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ቀኝ መዳፉን እንደዘረጋ ወለሉ ላይ ተንጋሏል። የአንድ ሰው ግንባር ሊዳስስ እጁን ሰዶ መሐል ላይ የቀረ ይመስላል። ከፊቱ ሰው የሚያህል የብረት ካቢኔት ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ሰርቨር ጸጥ ብሏል። ከእሱ ጋር የጥርስ ሐኪሙም፣ የሙሽራ ልብስ አከራዩም፣ የሬሳ ሣጥን ነጋዴውም ድረ ገጽ እኩል ጠፍቷል።

ሟቹ የሰው ድረ ገጽ በማሽኖቹ ላይ እያሳደረ የሚኖር ሰው ነበር። ለዓመታት ደንበኞቹን በየክፍሉ ባስቀመጣቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ እያከፋፈለ ስለኖረ «በትን» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሸሪኩ የሆነው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሁሉም አንድ አዲስ ሰርቨር ላይ ካልገባ ብሎ ሰውን ሲያሰለች «ጠቅልል» ተባለ። በቅርቡ ጠቅልል አሸንፎ ነበር።

«ኮረንቲ ነው የያዘው» አለ የቤቱ ቴክኒሻን፣ የካቢኔቱን ጀርባ በእጅ ባትሪ እያበራ። «ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ተፈቷል። ኃይል የሚያመጣው ደግሞ ተልጦ ብረቱን ነክቷል። በራሱ አልሄደም፤ ሽቦ እግር የለውም።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ። ኢሜይሉን ልሠራለት ሄጄ አፌን አስከፈተኝ። ይጠይቁት፤ ስለ መንጋጋዬ ሳይቀር ይመሰክራል።»

«መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያቆይ ባትሪ የለም?»

«ነበር። ጠቅልል ተበላሽቷል ብሎ ለጥገና ወሰደው።»

«ሟቹ ብረቱን ለምን ነካ?»

ቴክኒሻኑ የእጅ ባትሪውን አጠፋ። «ሁልጊዜ ይነካል። ማሽን ሲነሳ በመዳፉ ነው የሚያዳምጠው፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምትለካ። እዚህ ቤት የሚገባ ሁሉ ያውቃል፤ እንስቅበት ነበር።» የእጅ ባትሪውን ኪሱ እየከተተ ጨመረ፤ «ሰሞኑን ደንበኞቹን መልሼ ልበትን ነው ይል ነበር። ወንድሙ ደግሞ ገዢ እያመጣ ሰርቨሩን ያስጎበኛል። ማንን እንደምሰማ ግራ ገብቶኝ ነበር።»

ጠቅልልን ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቤቴ ነበርኩ፤ ከዚህ ሁለት አጥር አልፎ ነው። የወንድሜን ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ መታሰቢያ ገጽ በስልኬ እያየሁ ሳለ ድርግም አለብኝ። ሰርቨሩ ጠፍቷል ብዬ በጓሮ በኩል እየሮጥኩ መጣሁ። ስገባ የወንድሜ ልጅ የመብራት ማቋረጫውን፣ ብሬከሩን፣ ይዛ ቆማለች።»

«የጠፋው እሱ ገጽ ብቻ እንዳልሆነ በምን አወቁ?»

«ሁሉም እዚያው ነዋ! እኔው ራሴ ነኝ ያስገባኋቸው። አንዱ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ ማለት ነው።»

ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረበትን ስጋት ጠቅልል ራሱ እየደገመ መሆኑን አላስተዋለም። መርማሪዋ አስተዋለች። ብሬከሩን ማንም እንዳይነካው አዝዛ ሄደች።

በማግስቱ የሟቹ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ያንን ሁሉ ዓመት በማሽን ጉርምርምታ የኖረ ቤት እንዲህ ዝም ሲል አያስተኛም፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ምሳ እየበላን የማሽኑ ድምፅ ጠፋ። አባዬ ወርዶ ገባ። ‹ብሬከሩ ወድቋል፣ ከፍ አድርጊው የኔ ልጅ› አለኝ። ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ሲወድቅ ሰማሁ። መልሼ አወረድኩት፤ ምን ዋጋ አለው።» እጇን ከጉልበቷ ሥር ደበቀችው። «እማዬም አውቃለች። ገጿን ከፍቼ ይቅር በይኝ ባልኩ ቁጥር ግድግዳው ውስጥ ትደውላለች።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እስቲ ክፈቺው።»

ልጅቷ ስልኳን ነካች። የፈገግታ ፎቶ መጣ፤ ቀጥሎ የሴት ድምፅ፤ «መብራት አጥፍታችሁ ተኙ እንጂ!» የዕለት ተዕለት ቁጣ ነው፤ ከሞተ ሰው ሲመጣ ግን ቆዳ ያሳክካል። ወዲያው ከደረጃው ሥር፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ቀጭን ደወል አቃጨለ።

መርማሪዋም ክንዷን አሸት አሸት ማድረጓ አልቀረም። ከዚያ ግን በለሆሳስ ጠየቀች፤ «ሰርቨሩ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶ የለም እንዴ? ታዲያ ይሄ ገጽ የት ሆኖ ነው የሚከፈተው?»

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ሰርቨሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ስልኮቻቸውን ካቢኔቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ገዳዩ የሟቹን መዳፍ ያውቃል» ብላ ጀመረች። «ማሽኑ ከጠፋ ሟቹ እንደሚወርድ፣ ብረቱን ይዞ ‹ከፍ አድርጊው› እንደሚል ያውቃል። ባትሪው ካለ ማሽኑ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቀድሞ ባትሪው መነሳት አለበት።»

«ተበላሽቶ ነው ያነሳሁት» አለ ጠቅልል።

«ዛሬ ጠዋት ከመጋዘንዎ አምጥተን ሞከርነው።»

«ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

«በምሳ ሰዓት ገዳዩ በጓሮ ገባ። ብሬከሩን አወረደ፣ ሽቦውን ፈታ፣ የኃይሉን ሽቦ ከብረቱ አገናኘ፣ ወጣ። የቀረውን ሥራ ለዚች ልጅ ተወላት።»

«እኔ ቤቴ ነበርኩ! ገጹ ሲጠፋ በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«አልጠፋም።» መርማሪዋ ወደ ደረጃው ሥር ሄዳ የመጥረጊያ ማስቀመጫውን ሳንቃ ገፋችው። ከኋላው አንድ አሮጌ ማሽን አረንጓዴ መብራቱን እያርገበገበ ተቀምጧል፤ አናቱ ላይ ትንሽ ደወል ታስሯል። «ወንድምዎ የደንበኞቹን ሁሉ ገጽ ሰጠዎት። የሚስቱን ግን ቀስ ብሎ ወደዚህ መለሳት። መብራቱ ከሳሎኑ መስመር ነው፤ ኢንተርኔቱም የራሱ ነው። ሌላው ዓለም ሁሉ ሲጨልም እሷ በርታ ነበር። ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ብሎ የሚምል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠቅልሎ ያስገባው።»

«ኔትወርክ... ኔትወርክ ይሆናላ!»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። የልጅቷን ስልክ እንደተቀመጠ ነካችው። «መብራት አጥፍታችሁ ተኙ እንጂ!» ደወሉ አቃጨለ።

«አጥፉት!» ብሎ ጮኸ ጠቅልል። ጆሮውን ይዞ ካቢኔቱ ሥር ቁጭ አለ። «ሊበትነው ነበር። ገዢው ተስማምቶ... አንድ ሳጥን ነበር የቀረኝ የማስረክበው፤ አንድ ሳጥን።»

በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ግን ከደወሉ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ታዲያ ይሄን ምን ሊያደርገው ሰቀለው?»

«ሰው ገጿን ከፍቶ ሊጠይቃት ሲመጣ እንዲሰማ ነው» አለ ቴክኒሻኑ፣ ድምፁ ተለውጦ። «በገዛ እጁ ነው ያሰረው። ለማንም አትንገር ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

«እኔ ሁልጊዜ ከመተኛቴ በፊት ገጿ ላይ እገባለሁ። አባዬ ይሰማኝ ነበር ማለት ነው?»

«ይሰማሽ ነበር» አለች መርማሪዋ። «እጅሽም የታዘዘውን ነው ያደረገው። ያዘዘው ደግሞ የሚወድሽ ሰው ነው። የገደለው ሌላ ነው።»

ልጅቷ እጇን ከጉያዋ አወጣች፤ አንድ ሌላ ሰው እንደመለሰላት ዕቃ አገላብጣ አየችው። ቀስ ብላ መዳፏን አሮጌው ማሽን ላይ አሳረፈች። ሞቅ ያለ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል።

የአራቱም ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማንም አልነካውም።

ደወሉ አቃጨለ።

ቴክኒሻኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው ነው... የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ከፍቶት ነው» አለ፤ ይህን ያለው ግን ወደ በሩ ፈጠን ብሎ እየሄደ ነበር።

ልጅቷ መዳፏን አላነሳችም። «ይግባ» አለች።